ተመልካቹ ያውቃል፣ ተዋናዩ አያውቅም፦ ሮሚዮና ጁልየትን ለመድረክ ማጥናት

(ለወጣት የቴአትር ተማሪዎችና አማተር ተዋንያን ከቀረበ ንግግር ለንባብ ተስተካክሎ የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ። ቅዳሜ ከሰዓታችሁን ለሼክስፒር ስለሰጣችሁ አመሰግናለሁ። ሌላ ብዙ የሚደረግ ነገር እንዳለ አውቃለሁ።

የማወራው ስለ "ሮሚዮና ጁልየት" ነው። ስለ ፍቅሩ ግን ብዙም አላወራም፤ እሱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ተውኔቱን አንብቦ የማያውቅ ሰው እንኳ ሁለቱ ልጆች መጨረሻ ላይ እንደሚሞቱ ያውቃል። የኛ ጣጣ የሚጀምረውም እዚሁ ላይ ነው። መጨረሻው ስለሚታወቅ ተዋናዩ ገና ሲገባ ፊቱን ለለቅሶ አሰናድቶ ይገባል። ሮሚዮ ከመጀመሪያው ትዕይንት ጀምሮ የሟች ፊት ይዞ ይዞራል። ጁልየት መስኮቷ ላይ ቆማ ድምጿን ታንቀጠቅጣለች። ሁለተኛው ገቢር ላይ ስንደርስ ተመልካቹ ስልኩን ያወጣል። አይፈረድበትም።

ይህ ተውኔት ለአማርኛ እንግዳ አይደለም። ከበደ ሚካኤል ከተረጎሙት ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል። መድረክ ላይ ግን ሼክስፒር ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን የጸጋዬ ገብረ መድኅን "ኦቴሎ" እና "ሐምሌት" ነው። ከዚያ ይመስለኛል ሼክስፒርን በከባድ ድምፅ፣ ደረት ነፍቶ የመጫወት ልማድ የያዘን። ለኦቴሎ ይሆናል። ይህን ተውኔት ግን ይገድለዋል።

ዓመቶቹን የምጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ ልንገራችሁ። ተውኔቱ የተጻፈው በ1595 አካባቢ ነው። የሚከፈተው በ14 ስንኝ መግቢያ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ይወጣና ሁሉን ነገር ይዘረግፈዋል፦ ቬሮና ውስጥ ሁለት ትልልቅ ቤተሰቦች ተጣልተዋል፣ ልጆቻቸው ይዋደዳሉ፣ ልጆቹ ይሞታሉ፣ ወላጆቹም በሞታቸው ይታረቃሉ። ጨዋታው ሁለት ሰዓት እንደሚፈጅም ይነግረናል። ዛሬ እንዲህ የሚያደርግ ጓደኛ ቢኖራችሁ "ፊልሙን አበላሸህብኝ" ብላችሁ ትጣሉታላችሁ። ሼክስፒር ግን ይህን ያደረገው አውቆ ነው። ከዚያች ደቂቃ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ሁለት ወገን አለ፤ የሚያውቅና የማያውቅ። የሚያውቁት ወንበር ላይ ያሉት ናቸው። የማያውቁት መድረክ ላይ ያሉት ናቸው። የእናንተ ሥራ አለማወቅ ነው። አለማወቅ ደግሞ ብዙ ጥናት ይጠይቃል።

በሰዓት ጉዳይ እንጀምር። ወረቀት አውጡና የእያንዳንዱ ትዕይንት አናት ላይ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉ። ታሪኩን ሼክስፒር አልፈጠረውም፤ ከጣሊያን ተራኪዎች ወደ ፈረንሳይኛ፣ ከዚያ ወደ እንግሊዝኛ ሲዞር የመጣ ነው። እሱ ጠረጴዛ ላይ የነበረው አርተር ብሩክ በ1562 ያሳተመው ረጅም ግጥም ነው። ብሩክ ጋ ታሪኩ ወራት ይፈጃል። ልጆቹ ከተጋቡ በኋላ በድብቅ እየተገናኙ ደህና ጊዜ ይቆያሉ። ብሩክ መቅድሙ ላይ ደግሞ "የወላጅን ምክር አልሰማ ያሉ ልጆች መጨረሻቸው ይህ ነው" ዓይነት ተግሣጽ አስገብቷል። ሼክስፒር ተግሣጹን ጣለው፣ ወራቱንም በመቀስ ቆርጦ ወደ አምስት ቀን አወረደው።

እሑድ ጠዋት መንገድ ላይ ጠብ። እሑድ ማታ ድግስ፣ እዚያው ተያዩ። በዚያው ሌሊት መስኮቱ ሥር። ሰኞ ከሰዓት ጋብቻ። ጋብቻው በተፈጸመ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ የሮሚዮ ጓደኛ መርኩሽዮና የጁልየት ዘመድ ቲባልት ሞተዋል። ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ መለያየት። ማክሰኞ ማታ ጁልየት እንደ ሬሳ የሚያስተኛ መድኃኒት ትጠጣለች። ረቡዕ ጠዋት "ሞታ" ትገኛለች። ሐሙስ ሌሊት መቃብር ቤት።

አስቡት፤ ባለፈው እሑድ የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው።

ወሩም ይታወቃል፤ ጁላይ አጋማሽ ነው። ሐምሌ ሲባል ለኛ የሚታየን ጭቃና ጃንጥላ ነው። ቬሮና ግን የዚያን ጊዜ ትቃጠላለች። ቤንቮሊዮ ጓደኛውን መርኩሽዮን ወደ ቤት እንግባ ብሎ ሲለምነው ምክንያቱ ይኸው ነው። ሙቀት ነው፣ የካፑሌት ሰዎች፣ ማለትም የጁልየት ወገኖች፣ ወጥተዋል፣ በዚህ ሙቀት ደም ያብዳል ይለዋል። ስለዚህ ልብሳችሁ፣ አረማመዳችሁ፣ ላብ የምትጠርጉበት ጨርቅ ሁሉ ይህን ማወቅ አለበት።

ሰዓቱ ለተዋናይ ምን እንደሚጠቅም አንድ ቦታ ላሳያችሁ። ጁልየት ሞግዚቷን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ወደ ሮሚዮ ትልካታለች። ሴትዮዋ በግማሽ ሰዓት እመለሳለሁ ብላ ነው የወጣችው። እስከ 6 ሰዓት የለችም። ሦስት ሰዓት ሙሉ! ልጅቷ ብቻዋን ናት፣ ስልክ የለም፣ ሌላ የምትልከው ሰው የለም። በመጨረሻ ሞግዚቷ እያለከለከች ትገባለች። ከዚያስ? አጥንቴን ትላለች። ራሴን ትላለች። ወገቤን ትላለች። "እናትሽ የት ናቸው?" ትላለች። "ምሳ በላሽ?" ትላለች። ልጅቷ የምትጠብቀው አንድ ቃል ነው፤ ዛሬ ያገባኛል ወይስ አያገባኝም።

ይህ ቀልድ ነው፤ ንጹሕ ኮሜዲ። ተመልካቹ መሳቅ አለበት። ሞግዚቷን የምትጫወቺው፣ ክፉ አትሁኚ። ደክሟሻል፣ ልጅቷን ትወጃታለሽ፣ ትንሽም መለመን ትፈልጊያለሽ። ጁልየት ደግሞ በጥርሷ ይዛ ትለማመጣለች፣ ትቆጣለች፣ እንደገና ትለማመጣለች። ይህ ትዕይንት ካላሳቀ በኋላ የሚመጣው አያስለቅስም። ሞግዚቷ በዚህ ቀልድ ነው ተመልካቹን የምትወዳጀው፤ የኋላ ኋላ ጁልየትን ጥላ ስትሄድ እኛንም ጥላን እንደሄደች እንዲሰማን።

እዚህ ላይ ያለኝን ሐሳብ በግልጽ ልናገር። እስከ ሦስተኛው ገቢር መጀመሪያ ድረስ ይህ ተውኔት ኮሜዲ ነው። ኮሜዲ የሚመስል ትራጄዲ አላልኩም፤ ኮሜዲ ነው ያልኩት። የሚከለክል አባት አለ፣ ለፋፊ ሞግዚት አለች፣ የሚላላክ መነኩሴ አለ፣ አፉ የማይዘጋ ጓደኛ አለ፣ ጭንብል ያለበት ድግስ አለ። ሮሚዮ ራሱ ሲገባ በጁልየት አይደለም የነደደው። ሮዛሊን የምትባል፣ መድረክ ላይ አንዴም የማትወጣ ሴት ናት ያንገበገበችው። ቀን መስኮት ዘግቶ ይተኛል፣ ሌሊት ጫካ ለጫካ ይዞራል፣ ጓደኞቹ ያሾፉበታል። ይህን ክፍል በእውነተኛ ሐዘን የሚጫወት ተዋናይ አይቼ አልወደድኩም። ሮሚዮ እዚህ ላይ ያዘነ መስሎት በሐዘኑ የሚደሰት ልጅ ነው። ሰፈራችሁ ውስጥ አንድ አይጠፋም።

ከዚያ ድግሱ። ቀረብ ብዬ ላሳያችሁ የምፈልገው እዚህ ነው። የጁልየት ዘመድ ቲባልት ሮሚዮን በድምፁ ይለየዋል፤ ሰይፍ አምጡልኝ ይላል። የጁልየት አባት ሽማግሌው ካፑሌት በቤቴ አይሆንም ብሎ ይገሥጸዋል። ቲባልት ተዋርዶ፣ ይህ ጣፋጭ የመሰለ ነገር መራራ ይሆናል ብሎ ዝቶ ይወጣል። የሚቀጥለው ቃል የሮሚዮ ነው። የጁልየትን እጅ ይዟል። በመካከል ምንም የለም፤ የጠላት ዛቻ፣ ወዲያው የፍቅር ቃል። አዘጋጁ መብራት አጥፍቶ፣ ሙዚቃ አስገብቶ ልዩ ቦታ ሊፈጥርላቸው ይቃጣዋል። ባያደርገው ደስ ይለኛል። ድግሱ ይቀጥል፤ ሰዎች ይጨፍሩ፤ ቲባልት ሲወጣ ትከሻው ሊነካቸው ምንም አይቅረው።

የሚናገሩት ደግሞ ተራ ንግግር አይደለም። ሁለቱ ሳያውቁት አንድ ግጥም እየገጠሙ ነው። በዚያ ዘመን ሶኔት የሚባል ባለ 14 ስንኝ የፍቅር ግጥም ነበር፤ አንድ ወንድ ብቻውን ተቀምጦ ለማትሰማው ሴት የሚጽፈው። እዚህ ሴቲቱ ትመልሳለች። እሱ አራት ስንኝ ይላል፦ እጅሽ ቅዱስ ስፍራ ነው፣ የኔ እጅ አይገባውም፣ ከንፈሮቼ ግን ተሳላሚዎች ናቸው ይላታል። እሷም በዚያው ምሳሌ ገብታ አራት ስንኝ ትመልስለታለች፤ ተሳላሚ እጅ ለእጅ ነው የሚነካካው ትለዋለች። ከዚያ እየተናጠቁ ይሄዳሉ። አንድ እሱ፣ አንድ እሷ፣ ሁለት እሱ፣ አንድ እሷ፣ አስራ አራተኛዋን እሱ ይዘጋታል፤ ይሳማሉ። አዝማሪ ቤት "ተቀበል" ሲባል አንዱ የጀመረውን ሌላው ዜማው ሳይወድቅ እንደሚያነሳው ማለት ነው። ከዚያ ሁለተኛ ሶኔት ይጀምራሉ። አራት ስንኝ ይሄዱና ሞግዚቷ ትመጣለች፦ "እመቤቴ፣ እናትሽ ይፈልጉሻል።" ሁለተኛው ግጥም ሳያልቅ ቀረ።

ይህን ለመጫወት ቤት መምታቱን መስማት አለባችሁ። የሌላውን የመጨረሻ ቃል ሳትሰሙ የራሳችሁን ስንኝ አትጀምሩ። ቃሉን ሸምድዶ የመጣ ተዋናይ እዚህ ይጋለጣል፤ ጁልየት የምትመልሰው ለሰማችው ነገር ነው እንጂ ለተጻፈላት አይደለም። ልምምድ ላይ ሁለቱን ጀርባ ለጀርባ አስቀምጣችሁ በድምፅ ብቻ አስጠኗቸው። መሳሙ ይቆይ። ግጥሙ ከተያዘ መሳሙ ራሱ ይመጣል።

መስኮቱ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ከሚገባው በላይ ተወርቶለታል። አንድ ነገር ብቻ። "በረንዳ" የሚባል ነገር ጽሑፉ ውስጥ የለም። ቬሮና ውስጥ ቱሪስት ፎቶ የሚነሳበት በረንዳም በሃያኛው ክፍለ ዘመን የተገጠመ ነው። ስለዚህ ሰገነት የሚሠራ ገንዘብ የለንም ብላችሁ አትጨነቁ፤ እሷ ከፍ ብላ እሱ ዝቅ ካለ በቂ ነው። በሼክስፒር ጊዜ ቴአትሩ ጣሪያ የሌለው ነበር፤ የሚጫወቱትም ከሰዓት በኋላ በቀን ብርሃን ነው፤ ጁልየት ሆኖ የሚጫወተውም ጎረምሳ ልጅ ነበር፤ ሴቶች የእንግሊዝ መድረክ ላይ በይፋ የወጡት ከ1660 ወዲህ ነው። ጨለማውን፣ ጨረቃውን፣ ፍርሃቱን ሁሉ የሚያመጣው ቃሉ ነበር። በዚያ ላይ ከሁለቱ ጠንቃቃዋ ጁልየት ናት። እሱ በጨረቃ ሲምልላት ጨረቃ ተለዋዋጭ ናት አትማልባት ትላለች። ዘመዶቼ ካዩህ ይገድሉሃል ትላለች። ካገባኸኝ ነገ ሰው እልክብሃለሁ የምትለውም እሷ ናት። አንድ ጊዜ ደግሞ መልሳ ትጠራውና ለምን እንደጠራችው ትረሳለች። ይህችን ቦታ የሚያጫውት እንጂ የሚያስለቅስ ተዋናይ አያስፈልጋትም።

ዕድሜዋ 13 ነው። 14 ሊሞላት ሁለት ሳምንት ከምናምን ይቀራታል። ብሩክ 16 ብሏት ነበር፤ ሼክስፒር ቀነሰው። ያኔ እንግሊዝ ውስጥ ተራው ሰው የሚያገባው ሃያዎቹ አጋማሽ ላይ ስለነበር ለለንደን ተመልካችም ይህ ደንገጥ የሚያደርግ ነበር። አባቷም መጀመሪያ ላይ ገና ልጅ ናት፣ ሁለት ዓመት ትቆይ ብሎ ነበር። ይህን አስታውሱት፤ ኋላ ይጠቅመናል።

አሁን ወደ ሰኞ ከሰዓት። ሮሚዮ ካገባ አንድ ሰዓት ሆኖታል፤ ከቲባልት ጋር ዘመዳሞች ሆነዋል፣ ይህን የሚያውቅ ግን የለም። ቲባልት ሲሰድበው ዝም ይላል። መርኩሽዮ ይህን ዝምታ ፈሪነት መስሎት ሰይፍ ይመዛል። ሮሚዮ በመካከል ገብቶ ሊያላቅቃቸው ሲል ቲባልት በሮሚዮ ክንድ ሥር አሾልኮ መርኩሽዮን ይወጋዋል። ከዚህ በኋላ ያሉትን ስንኞች ዝግ ብላችሁ አጥኗቸው። መርኩሽዮ ቀልዱን አያቆምም። የጉድጓድ ያህል አይጠልቅም፣ የቤተ ክርስቲያን በር ያህል አይሰፋም፣ ግን ይበቃኛል ይላል። ጓደኞቹ ጭረት መስሏቸዋል። ሮሚዮ "አይዞህ፣ ይሄን ያህል አይሆንም" ይለዋል። ይህች ቃል በፈገግታ መባል አለባት! አብዛኛው ሮሚዮ ግን እያለቀሰ ነው የሚላት፤ ምክንያቱም ተዋናዩ ጽሑፉን አንብቦታል። ተመልካቹ የመርኩሽዮን ሞት የሚያምነው ከጓደኞቹ ቀድሞ፣ እነሱ ገና እየሳቁ ሳለ ነው። ሳቁ በጉሮሮው ይቀራል። ኮሜዲው እዚህ አለቀ።

አንድ ሰው ቅድም በወረቀት ጠይቆኛል፦ "ለምን ሽማግሌ አይገባም? እኛ ሀገር ቢሆን..." ደስ የሚል ጥያቄ ነው፤ የሀገራችን ተመልካችም ይህንኑ ነው የሚጠይቀው። ሽማግሌ አለ። መነኩሴው አባ ሎረንስ ናቸው። ልጆቹን በድብቅ ለማጋባት የተስማሙት ለፍቅራቸው ብለው ብቻ አይደለም፤ ጋብቻው የሁለቱን ቤት ቂም ወደ ፍቅር ይለውጠዋል ብለው ነው። ደም በጋብቻ ማድረቅ ለኛ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። ግን ልብ በሉ፤ ባለጉዳዮቹ የሌሉበት ሽምግልና ነው። ካፑሌት አልሰማ፣ የሮሚዮ አባት ሞንታግ አልሰማ። ሽማግሌው ብቻቸውን አስታርቀው ብቻቸውን ደስ አላቸው። የከተማዋ ገዥ ልዑሉ በበኩሉ በአደባባይ ይዝታል፣ ጠቡን ያነሳ ይሞታል ይላል። አንዱ በድብቅ፣ ሌላው በዛቻ። ሁለቱን አዛውንቶች ፊት ለፊት አስቀምጦ "ምንድነው ያጣላችሁ?" ያለ ሰው ተውኔቱ ውስጥ የለም። ምክንያቱም አይነገረንም፤ የቆየ ቂም ነው ተብሎ ይታለፋል። ተዋንያን "ያጣላቸው ምን ቢሆን ይሻላል?" እያሉ ልምምድ ሲያባክኑ አይቻለሁ። እነሱ ራሳቸው አያስታውሱትም ብላችሁ ተጫወቱት።

ሦስተኛው ገቢር፣ አምስተኛው ትዕይንት። ለኔ የተውኔቱ ልብ ይህ ነው። ሮሚዮ መርኩሽዮን ተበቅሎ ቲባልትን በመግደሉ ከከተማው እንዲባረር ተፈርዶበታል፤ ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ በመስኮት ወርዶ ወደ ማንቱዋ ስደት ሄደ። እናቷ ትገባለች፤ ሐሙስ ፓሪስ የሚባለውን ባላባት ታገቢያለሽ ትላታለች። ጁልየት እምቢ ትላለች። አባቷ ይገባል። ያ ሁለት ዓመት ትቆይ ያለው አባት ማለት ነው። ገመድ የተበጠሰ ይመስል ይጮኻል፤ እጄ ይበላኛል ይላል፤ ካላገባሽ ለምኚ፣ ተራቢ፣ መንገድ ላይ ሙቺ ይላል። ካፑሌትን የምትጫወተው፣ ይህ ሰው ጭራቅ አይደለም። የወንድሙን ልጅ... ማለቴ የሚስቱን የወንድም ልጅ ቲባልትን ገና ቀበረ፣ ቤቱ ተደፍሯል፣ ልጄን ደስ ላሰኝ ብሎ ያመጣው ነገር ፊቱ ላይ ተወረወረ። ትክክለኛ ነኝ ብሎ በሙሉ ልቡ ያምናል። ያን ጊዜ ነው የሚያስፈራው።

ከዚያ በሮቹ አንድ በአንድ ይዘጋሉ። አባት ወጣ። ልጅቷ ወደ እናቷ ዞረች፤ እናት "አታናግሪኝ፣ የፈለግሽውን አድርጊ፣ ካንቺ ጋር ጨርሻለሁ" ብላ ወጣች። ሞግዚቷ ቀረች፤ ያቺ ወገቤን ስትል ያሳቀችን። ጁልየት "አጽናኚኝ" አለቻት። ሞግዚቷም ፓሪስን ማግባቱ ይሻላል አለች፣ ሮሚዮ ከሱ ጋር ሲተያይ የዕቃ መወልወያ ጨርቅ ነው አለች። ጁልየት፦ "ከልብሽ ነው?" ሞግዚቷ፦ "ከነፍሴም ጭምር፤ ካልሆነ ሁለቱም ይኮነኑ።" ጁልየት፦ "አሜን።"

በዚህች አሜን ላይ አንድ ሙሉ የልምምድ ቀን ብታጠፉ አይበዛም። አትጮኽም። አታለቅስም። ሞግዚቷ እንኳ አልገባትም፣ "ምን?" ትላለች። ጁልየት ወዲያው ፈገግ ብላ "በጣም አጽናናሽኝ" ትላታለች። የመጀመሪያ ውሸቷ ይህ ነው ለምትወዳት ሰው። እስከዚህ ድረስ ልጅ ነበረች። ተመልካቹ ከመርኩሽዮ ሞት ይልቅ እዚህ ላይ ትንፋሹን ቢይዝ ሥራችሁን ሠርታችኋል።

ቀጥሎ የሚሆነው ደግሞ ለተዋናይ የተቀመጠ ጉድ ነው። ጁልየት ከአባ ሎረንስ ዘንድ ለ42 ሰዓት እንደ ሬሳ የሚያስተኛ መድኃኒት ተቀብላ ትመለሳለች። አባቷ እግር ላይ ወድቃ ይቅርታ ትጠይቃለች። ስታስመስል በጣም ትችልበታለች፤ አባትየው ደስታው ጣሪያ ነክቶ ሰርጉን ከሐሙስ ወደ ረቡዕ ያመጣዋል። አያችሁ? ጥሩ ስላስመሰለች ነው አንድ ቀን የተበላባት። ዕቅዱን የሚያስረዳው የአባ ሎረንስ ደብዳቤ ሮሚዮ ዘንድ ለመድረስ የነበረው ጊዜ እዚያው አጠረ። ከላይ ሰዓት ጻፉ ያልኳችሁ ለዚህ ነው፤ ሰዓቱን ያልጻፈ አዘጋጅ ይህን ትዕይንት "አሰልቺ ነው" ብሎ ይቆርጠዋል።

የመድኃኒቱ መነባንብ ላይ ጁልየት መጀመሪያ ሞግዚቷን ልትጣራ ትሞክርና ትተዋለች፤ ይህን ጨዋታ ብቻዬን ነው መጫወት ያለብኝ ትላለች። ከዚያ ፍርሃቶቿ ይመጣሉ። ባይሠራስ? ቢላዋ አጠገቧ ታስቀምጣለች። መነኩሴው ጉዳቸው እንዳይወጣ መርዝ ሰጥተውኝ ቢሆንስ? አይ፣ ቅዱስ ሰው ናቸው። ሮሚዮ ሳይደርስ ብነቃና ታፍኜ ብሞትስ? ቲባልት ገና ትናንት ተቀብሮ እዚያ አለ... ፍርሃቶቹን ከቀላሉ ወደ ከባዱ አትደርድሯቸው፤ አንዱ ሌላውን እየጎተተ እንደሚመጣ አድርጋችሁ ተጫወቱት። እያንዳንዱን ፍርሃት በራሷ ልትመልስ ትሞክራለች፣ የመጨረሻውን ግን መመለስ አትችልም። የምትጠጣው ደፍራ አይደለም፤ ቲባልት ሮሚዮን ሲፈልገው ስለታያት ነው።

ስለ ጽሑፉ አንድ ጠቃሚ ነገር በቅንፍ ልጨምር። ተውኔቱ በ1597 እና በ1599 በሁለት የተለያዩ እትሞች ወጥቷል። ዛሬ የምናነበው በአብዛኛው የሁለተኛውን ነው፤ የተሟላና የተሻለ ግጥም አለው። የመጀመሪያው አጭርና የተዛባ ነው፣ ግን መድረኩን ያየ ሰው የጻፈው የሚመስል መመሪያ አለበት። ጁልየት ለጋብቻው ስትመጣ "ፈጠን ብላ ትገባና ሮሚዮን ታቅፈዋለች" ይላል። ሮሚዮ መነኩሴው ክፍል ውስጥ ራሱን ሊወጋ ሲል "ሞግዚቷ ጩቤውን ትነጥቀዋለች" ይላል። ፈጠን ብላ! ሁለት ቃል ናት፤ የጁልየት አካሄድ ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ።

ደብዳቤው ለምን አልደረሰም? በወረርሽኝ። መልእክተኛው መነኩሴ ጓደኛውን ፍለጋ በሽተኛ ያለበት ቤት ገብቶ ሳለ የከተማው ጤና ጠባቂዎች በሽታ አለ ብለው በሩን አሸጉባቸው። ድሮ ይህን ስናነብ "ምን ዓይነት ሰበብ ነው" እንል ነበር። ከኮቪድ በኋላ ማንም አይልም። የለንደን ተመልካችም አይልም፤ ከ1592 እስከ 1594 ባለው ጊዜ ቴአትር ቤቶቹ በወረርሽኝ ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ተዘግተው ነበር። ዕጣ ፈንታ የምትሉትን ነገር የምትፈልጉ ከሆነ፣ መልኩ ይህ ነው፦ የታሸገ በር።

መቃብሩ። ሮሚዮ አምስተኛውን ገቢር የሚከፍተው ደስ ብሎት ነው፤ ጥሩ ሕልም አይቷል። በሕልሙ ሞቶ ሳለ ጁልየት መጥታ ስማ አስነስታዋለች። ወዲያው አሽከሩ መርዶ ያመጣል። ከደሃ መድኃኒት ቀማሚ በ40 ዱካት መርዝ ይገዛል፤ ሰውየው "ድህነቴ እንጂ ፈቃዴ አይደለም" ይለዋል። መቃብር ቤት ገብቶ ከጁልየት ፊት ላይ መብራቱን ሲያበራ የሚናገረውን አንብቡ። ከንፈሯ ገና ቀይ ነው ይላል። ጉንጯ ገና ደም አለበት ይላል። ሞት ገና ነጭ ባንዲራውን እዚህ አልተከለም ይላል። እየነቃች ነው! ምልክቱን በገዛ አፉ ይቆጥረዋል፣ ግን አያውቅም። ይህን ስንኝ በእንባ ካጠባችሁት ይሰጥማል። እንደ ገረመው ሰው፣ በጥንቃቄ እያየ ይበለው። ጩኸቱን ተመልካቹ በሆዱ ይጮኸዋል።

ይህን መቻል ያቃታቸው ዘመናት ነበሩ። እንግሊዛዊው ተዋናይ ዴቪድ ጋሪክ በ1748 ለንደን ውስጥ ሲያዘጋጀው ጁልየት ሮሚዮ ሳይሞት እንድትነቃ አድርጎ የሚነጋገሩበት ቦታ ጻፈላቸው። ሕዝቡ ወደደው፤ ለመቶ ዓመት ያህል መድረኩን የያዘውም ይኸው ነበር። ወደ ሼክስፒር ጽሑፍ በመመለስ ትልቁን ሥራ የሠራችው አሜሪካዊቷ ተዋናይት ሻርሎት ኩሽማን ናት፤ በ1845 ለንደን ላይ እሷ ራሷ ሮሚዮን፣ እህቷ ሱዛን ጁልየትን ሆነው ተጫወቱ። የጋሪክን ስሜት እረዳለሁ። ሁላችንም እንዲነጋገሩ እንፈልጋለን። ግን ያለማወቁ ነገር እስከ መጨረሻው ካልተጠበቀ ከመጀመሪያው የነገረን ሰውዬ ምን ሊሠራ ወጣ?

በ1935 ደግሞ እንግሊዛውያኑ ተዋንያን ጆን ጊልጉድና ሎረንስ ኦሊቪዬ በአንድ ዝግጅት ውስጥ ሮሚዮንና መርኩሽዮን እየተቀያየሩ ተጫውተዋል። አንዱ በግጥሙ ሙዚቃ፣ ሌላው በሥጋና በደሙ ይታወቅ ነበር። ወንዶቹን ልምምድ ላይ እንዲሁ አቀያይሯቸው፤ ሮሚዮን የሚጫወት ልጅ ሁለት ቀን መርኩሽዮ ሆኖ ቢሰነብት ሮሚዮው ይቀልለታል።

ጁልየት ከሞተች በኋላ ከ100 በላይ ስንኝ ይቀራል። ዘበኞች፣ ልዑሉ፣ የአባ ሎረንስ ረጅም ቃል። አብዛኛው አዘጋጅ ይቆርጠዋል፤ ልጆቹ ከሞቱ ማን ይሰማል ይላል። እኔ አልቆርጠውም። እስከዚህ ሰዓት ድረስ ወላጆቹ ምንም አያውቁም። ካፑሌት ልጁን ሁለት ጊዜ ነው የቀበራት፤ ማግባቷን የሚሰማው ገና አሁን ነው። አባ ሎረንስ ሲናገሩ ተመልካቹን አትዩ፣ አባ ሎረንስንም አትዩ። ካፑሌትን የምትጫወተው ነህ ሥራ ያለብህ፤ አንድ ቃል የለህም፣ ግን እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር አንተ ላይ ነው የሚወድቀው። ከዚያ እጁን ለሞንታግ ይዘረጋል። ሞንታግ ለጁልየት የወርቅ ሐውልት አቆማለሁ ይላል፤ ካፑሌትም ለሮሚዮ እንዲሁ ይላል። እዚህም ውስጥ ትንሽ ፉክክር አለች፤ ማን ይበልጥ ይስጥ። አልጠፋችም።

ለሚቀጥለው ቅዳሜ ሁላችሁም የቀንና የሰዓት ወረቀታችሁን ይዛችሁ ኑ። የሐሙሱ ሰርግ ወደ ረቡዕ የዞረበትን ቦታ በቀይ አስምሩት። የሞግዚቷን የወገቤን ትዕይንት ሁለት ሁለት ሆናችሁ አጥኑ፤ ወንዶችም ጭምር። ድግሱን እኔ ራሴ አስነብባችኋለሁ፣ ጀርባ ለጀርባ። ጥያቄ ያለው አሁን ይጠይቅ፤ ቡናው ደርሷል መሰለኝ።